ላፕቶፑ አንዳንዴ ተኝቶ አልነሳ ሲል፦ የሊኑክስ ሰስፔንድ ችግርን እያሳደዱ መያዝ

ጅማ ላፕቶፕ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው ሰስፔንድ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሳይጠፋ የተከፈተውን ስራ እንደያዘ መተኛቱ፣ ቅንጦት አይደለም። ክረምት ላይ መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ባትሪው ያረጀ ነው፣ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ላብ ውስጥ የጀመረውን ስራ ከድኖ ቦርሳ ውስጥ ከቶ በባጃጅ መርካቶ ወርዶ እዛ ሊቀጥል ነው ሃሳቡ፣ ቦርሳውን ሲከፍት ግን ላፕቶፑ ግሎ ባትሪው አልቋል፣ ወይ ደሞ የፓወር መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ምንም ቢነኩት አይነሳም። በፓወር በተኑ ይዞ ማጥፋት ብቻ ነው የሚቀረው፣ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ሄደ ማለት ነው። ጥገና ቤት ሲወሰድ ጠጋኙ ሶስት አራቴ ከድኖ ይከፍተዋል፣ ይሰራል፣ «ምንም የለበትም» ይባላል ወይም ፎርማት ይደረጋል፣ ፎርማት ተደርጎ ትንሽ ይቆይና ያው ነገር ይመለሳል። የመመረቂያ ጽሁፋቸውን በዚህ ያጡ ልጆች ስላየሁ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ምክንያቱም ችግሩ በትዕግስት ከተሄደበት የሚገኝ ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሁልጊዜ የሚከሰት ችግርና አልፎ አልፎ የሚከሰት ችግር አያያዛቸው አንድ አይደለም። አልፎ አልፎ በሚመጣው ላይ አንድ ሴቲንግ ቀይራችሁ፣ ከድናችሁ ከፍታችሁ «ሰራ!» ማለት ምንም ማስረጃ አይደለም፣ ሳትቀይሩትም ይሰራ ነበር እኮ። ስለዚ የመጀመሪያው ስራ መጠገን ሳይሆን ችግሩ ቶሎ ቶሎ እንዲመጣ ማድረግና መቁጠር ነው። የሚያፈስ ቆርቆሮ ጣራ በበጋ አይገኝም፣ አንድ ሰው ላይ ወጥቶ ውሃ እየደፋ ሌላው ከታች ሆኖ ያያል፣ እኛም የምናደርገው እሱን ነው።

ኮማንዶቹንና የፋይል ስሞቹን አፋችን ላይ እንዳሉ ነው የጻፍኳቸው፣ ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ፣ ከአንድ ቃል በላይ የሆኑት የፋይል ስሞች መሃል አንደርስኮር አለ። አብዛኛው ሩት፣ ሙሉ ስልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ መሆን ይፈልጋል። ፋይሎቹ የሚበዙት ሲስ ስር ባለው ፓወር ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ፓወር ፎልደር ስል እሱን ማለቴ ነው።

ከርነሉ፣ የሊኑክሱ ዋና እምብርት፣ ላፕቶፑን ሲያስተኛ ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያደርግ ማወቅ ግማሽ መንገድ ነው። መጀመሪያ ዲስኩን ሲንክ ያደርጋል፣ ማለትም ያልተጻፈውን ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ከዛ ፕሮሰሶቹን ባሉበት ያቆማል፣ ይሄ ፍሪዝ የሚባለው ነው፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ዲቫይስ በድራይቨሩ፣ ዲቫይሱን በሚያዘው ፕሮግራም፣ በኩል ያስተኛል፣ ይሄም ፕሪፔር፣ ሰስፔንድ፣ ሌት፣ ኖአይአርኪው እየተባለ በደረጃ ነው የሚሄደው፣ ከዛ ከአንዱ በስተቀር ሲፒዩዎቹን ያጠፋና ማሽኑን ለፈርምዌሩ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ላለው የራሱ ፕሮግራም (ባዮስ)፣ ያስረክባል። ሲነሳ በተገላቢጦሽ። ይሄ ዲፕ የሚባለው፣ በሌላ ስሙ ኤስ3፣ አሰራር ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ያለው ኤስቱአይድል ግን ለፈርምዌር አያስረክብም፣ ሲፒዩዎቹንም አያጠፋም፣ ዲቫይሶቹን አስተኝቶ ሲፒዩዎቹ ጥልቅ እረፍት ላይ እንዲቆዩ ነው የሚያደርገው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፓወር ፎልደር ውስጥ ሜም ስሊፕ የሚለውን ፋይል ካት አድርጉ፣ በቅንፍ ውስጥ ያለው አሁን የሚሰራበት ነው። ሁለቱም ካሉ ወደ ሌላኛው ቀይሮ መሞከር ይቻላል፣ ዲፕ ጭራሽ ካልተዘረዘረ ግን ፈርምዌሩ አላቀረበውም ማለት ነው፣ አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ባዮስ ውስጥ የስሊፕ ምርጫ አለ፣ እሱን እዩ።

አሁን ችግራችሁን ለዩት። «አይነሳም» የሚባለው ቢያንስ አራት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ለመተኛት ሞክሮ እምቢ ብሎ ወዲያው የሚመለሰው ነው፣ ይሄ ቀላሉ ነው ምክንያቱም ከርነሉ በሕይወት ስላለ ራሱ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ተኝቶ ወይም ሊተኛ ሲል ስታክ አድርጎ የሚቀረው። ሶስተኛው ተነስቶ ስክሪኑ ብቻ ጥቁር የሚሆነው። አራተኛው ደሞ ተኝቶ እንዳልተኛ ሆኖ ቦርሳ ውስጥ ባትሪ የሚጨርሰው።

ሁለተኛውንና ሶስተኛውን ሰው ሁሉ ያቀላቅላቸዋል፣ መለያቸው ግን ቀላል ነው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ካፕስ ሎክ ስትጫኑ መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ከርነሉ አልሞተም። የበለጠ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ላፕቶፑ ላይ ኤስኤስኤች ሰርቨር፣ ከሌላ ማሽን መግባት የሚያስችለውን፣ ጫኑ፣ በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙት፣ ስልኩ ላይ ቴርመክስ የሚባለውን የተርሚናል አፕ ጭናችሁ ፒንግ አድርጉት። መልስ ከሰጠ ግቡና ዲሜሴጅ፣ የከርነሉን መልዕክቶች የሚያሳየው ኮማንድ፣ የሚያወጣውን ፋይል ላይ አስቀምጡት፣ ጣታችሁን የምትቀስሩት ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። መልስ ባይሰጥ ግን ዋይፋዩ ብቻ ሊሆንም ስለሚችል አልት፣ ፕሪንት ስክሪን እና የቢ ፊደልን አንድ ላይ ሞክሩ፣ ሲስአርኪው የሚባለው ይሄ የኪቦርድ የድንገተኛ ትዕዛዝ ቀድሞ ኤኔብል ተደርጎ ከነበረና ሪስታርት ካደረገ ከርነሉ ይሰማ ነበር ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ዓይነት ፓወር ፎልደር ውስጥ ሰስፔንድ ስታትስ የሚል ፎልደር አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ወርቅ ነው። ስንት ጊዜ እንደተሳካ፣ ስንት ጊዜ እንደከሸፈ፣ የቱ ደረጃ ላይ እንደከሸፈ፣ መጨረሻ ላይ የቱ ዲቫይስ እንዳስቸገረና በምን የስህተት ቁጥር እንደመለሰ ሁሉ እዛ አለ። ቁጥሩ -16 ከሆነ ዲቫይሱ ስራ ላይ ነኝ ብሏል ወይም በዛው ቅጽበት የሚቀሰቅስ ነገር መጥቷል፣ -110 ከሆነ መልስ ሲጠበቅ ጊዜው አልፏል፣ -5 ከሆነ የንባብ ወይም የጽሁፍ ስህተት ነው። ፍሪዝ ላይ ከሆነ የከሸፈው፣ ከርነሉ በዲፎልት 20 ሰከንድ ጠብቆ የትኛው ፕሮሰስ አልቆም እንዳለ ስሙን ይጽፋል፣ ብዙ ጊዜ የተቋረጠ የኔትወርክ ሼር ወይም የተበላሸ ፍላሽ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ፕሮሰስ ነው የሚሆነው።

ለአራተኛው፣ በኤስቱአይድል የሚተኙ ማሽኖች ላይ፣ ከርነሉ አዲስ ከሆነ፣ እዛው ሰስፔንድ ስታትስ ውስጥ ላስት ኤችደብሊው ስሊፕ የሚል አለ፣ ሃርድዌሩ በእውነት ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ የቆየበትን ጊዜ በማይክሮሰከንድ ይሰጣል፣ ላፕቶፑ ሰዓት ሙሉ ተኝቶ እዛ 0 ካለ አልተኛም። በየደቂቃው የሚነቃ ከሆነ ደሞ ፓወር ፎልደር ውስጥ ፒኤም ዌክአፕ አይአርኪው የሚለው ፋይል የቀሰቀሰውን ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ፕሮክ ስር ኢንተራፕትስ ውስጥ ያንን ቁጥር ፈልጉት።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለው በብዛት ለሱ ነው።

ሰዎች ሪስታርት አድርገው ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ቢ -1 ብለው ያለፈውን ቡት ሎግ ያያሉ፣ ጥሩ ነው፣ መጨረሻው መስመር ላይ የዋይፋይ ነገር ካለ ግን «ዋይፋዩ ነው» ብለው ይደመድማሉ፣ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳቱት። ሎጉን ዲስክ ላይ የሚጽፈው ጆርናልዲ ራሱ ፕሮሰስ ነው፣ ከርነሉ ዲቫይሶቹን ከማስተኛቱ በፊት እሱንም ፍሪዝ አድርጎታል። ከዛ በኋላ የሆነው ሁሉ ራም ውስጥ ብቻ ነው ያለው፣ ፓወር በተኑን ስትይዙ አብሮ ይጠፋል። ስለዚ የሎጉ የመጨረሻ መስመር የመጨረሻው ክስተት አይደለም። ሎጉ የሚጠቅመው ሰስፔንድ ኤንትሪ ብሎ ሰስፔንድ ኤግዚት ያላለባቸውን ቡቶች ለመቁጠር ነው፣ ለዛም ቫር ስር ሎግ ውስጥ ጆርናል የሚል ፎልደር መኖሩን አረጋግጡ፣ ከሌለ ያለፈ ቡት ሎግ አይቀመጥም።

እንግዲህ ውሃ ወደ መድፋቱ። አርቲሲዌክ -ኤም ሜም -ኤስ 30 ስትሉ ላፕቶፑ ይተኛና ከ30 ሰከንድ በኋላ በራሱ ሰዓት ይነሳል። ይሄን ሉፕ፣ ራሱን የሚደጋግም ስክሪፕት፣ ውስጥ ክተቱት፣ ከመተኛቱ በፊት የዙሩን ቁጥር ፋይል ላይ ጽፎ ሲንክ ያድርግ፣ ሲነሳ ደሞ «ተነሳ» ብሎ ይጻፍ፣ 20 ሰከንድ ይረፍና ይድገም። በሰዓት 60 ዙር ያህል ይሄዳል፣ እናንተ ክፍል ገብታችሁ ስትመለሱ ወይ ጨርሷል ወይ ስታክ ያደረገበት ዙር ፋይሉ ላይ አለ። የእረፍቱን ርዝመት ራንደም ብታደርጉት ይመረጣል፣ አንዳንዱ ችግር ዲቫይሱ ራሱን ችሎ ሊያንቀላፋ ሲል ሰስፔንድ ከመጣበት ብቻ ነው የሚታየው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አርቲሲዌክ በዚህ መልኩ በቀጥታ ከርነሉን ነው የሚያዘው፣ ክዳኑን ስትዘጉ የሚሄደው መንገድ ግን ሰርቪሶቹን በሚያስተዳድረው በሲስተምዲ በኩል ነው፣ እዛ ሲተኛና ሲነሳ የሚሄዱ ሁክ ስክሪፕቶችና የአንዳንድ ግራፊክስ ካርዶች ሰርቪሶች አሉ። ሉፑ ሌሊቱን ሙሉ ሰላም አድሮ ክዳን ስትዘጉ ግን የሚበላሽ ከሆነ አርቲሲዌክን በ -ኤም ኖ አላርሙን ብቻ እንዲሞላ አድርጉና ቀጥሎ ሲስተምሲቲኤል ሰስፔንድ በሉ፣ ያኔ እውነተኛውን መንገድ እየሞከራችሁ ነው።

ስንት ዙር ይበቃል? ይሄን ቁም ነገር ብላችሁ ያዙልኝ። ችግሩ ከ10 አንዴ የሚመጣ ከሆነ «ጠፍቷል» ብሎ 95 በመቶ ለመተማመን 29 ንጹህ ዙር ያስፈልጋል፣ ከ20 አንዴ ከሆነ 59። በቃ በአማካይ በየስንት ዙሩ እንደሚመጣ ቁጠሩና ያንን በ3 አባዙት። ከዛ በታች ምንም አታውጁ። መክሸፍ ግን አንዴ ከታየ ታየ ነው፣ ሌላ ማረጋገጫ አይፈልግም።

ሁኔታውን አንድ በአንድ ቀይሩ፣ ቻርጀር ላይና ባትሪ ላይ፣ ብሉቱዝ በርቶና ጠፍቶ፣ ዩኤስቢ ሞደም ተሰክቶና ተነቅሎ፣ እያንዳንዱን ያንን በ3 የተባዛ ዙር ሙሉውን አስኪዱ። እኛ ጋ ሁሌ የምሞክረው ሌላው ነገር ተኝቶ እያለ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ነው። ቻርጀር ሲነቀልና ሲሰካ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሹ ኮንትሮለር መልዕክት ይልካል፣ ኤስቱአይድል ላይ ያ መልዕክት ሲስተሙን ለቅጽበት ቀስቅሶ መልሶ ያስተኛዋል፣ ያቺ ቅጽበት ላይ የሚሰናከሉ ድራይቨሮች አሉ። መብራት የማይጠፋበት አገር ያለ ሰው ይሄን በሳምንት አንዴ ቢያየው ነው፣ ሐምሌ ላይ ጅማ ግን በቀን ስንቴ። ስለዚ ሉፑ እየሄደ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ንቀሉ ስኩ፣ የመክሸፉ ብዛት ከጨመረ ትልቅ ፍንጭ አገኛችሁ።

በደንብ መክሸፍ ከጀመረ ደረጃውን ወደ መለየት። ፓወር ፎልደር ውስጥ ፒኤም ቴስት የሚል ፋይል አለ፣ ከሌለ ከርነላችሁ ያለ ፒኤም ዲበግ ነው የተሰራው። ይሄ ፋይል ሰስፔንዱን መንገድ ላይ አስቁሞ ወደ 5 ሰከንድ ይጠብቅና ይመልሰዋል፣ ምርጫዎቹ ከቀላል ወደ ከባድ ፍሪዘር፣ ዲቫይስስ፣ ፕላትፎርም፣ ፕሮሰሰርስ እና ኮር ናቸው። ፍሪዘር ጽፋችሁ ስቴት የሚለው ፋይል ላይ ሜም ጻፉ፣ ሉፕ አድርጉት፣ በ3 የተባዛውን ቁጥር ካለፈ ዲቫይስስ በሉ፣ እንዲህ እያላችሁ ውጡ። ኤስቱአይድል ከሆነ የምትጠቀሙት የመጀመሪያዎቹን ሶስት ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ጋ ከመድረሱ በፊት እንቅልፉ ውስጥ ይገባል። ዲቫይስስ ላይ ከከሸፈ ድራይቨር ነው። ኮርን አልፎ እውነተኛው እንቅልፍ ላይ ብቻ የሚከሽፍ ከሆነ ደሞ ፈርምዌሩን ጠርጥሩ፣ ወይም ዲቫይሱ ኃይሉ በትክክል ሲቋረጥበት ብቻ የሚያኮርፍ ድራይቨር አለ። ስትጨርሱ ፒኤም ቴስት ላይ «ነን»፣ ምንም የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ጽፋችሁ መመለስ አለባችሁ፣ አለዚያ ላፕቶፑ በእውነት አይተኛም።

ድራይቨር እንደሆነ ካወቃችሁ የቱ እንደሆነ በግማሽ በግማሽ ነው የሚፈለገው። ቢወጡ የማይጎዱትን ሞጁሎች፣ ማለትም ከርነሉ ላይ የሚጫኑትን ድራይቨሮች፣ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ካሜራ፣ የካርድ ማንበቢያ፣ ድምጽ፣ ግማሾቹን ከከርነሉ አስወጥታችሁ አውርዱና ሉፑን አስነሱ። ችግሩ ከጠፋ ከወረዱት ውስጥ ነው ያለው፣ ካልጠፋ ከቀሩት። ከዛ የቀረውን ግማሽ። እኔ የማየው ሰው ብዙውን ጊዜ ዋይፋዩን ነው ቀድሞ የሚከሰው፣ አንዱ ተማሪ ላፕቶፕ ላይ ግን ማንም የማይጠቀምበት የካርድ ማንበቢያ ሆኖ ነው የተገኘው፣ በግምት ቢሆን ኖሮ ማን እሱን ይነካዋል።

ከዚህ ጋር አብሮ ሁለት ነገር አብሩ፣ ፒኤም ፕሪንት ታይምስ ላይ 1 ስትጽፉ እያንዳንዱ ዲቫይስ ስንት እንደፈጀበት ሎጉ ላይ ይወጣል፣ ኖ ኮንሶል ሰስፔንድ የሚለውን ደሞ ግረብ፣ ላፕቶፑ ሲበራ ከርነል የሚያስመርጠው፣ ውስጥ የከርነል መስመር ላይ ብትጨምሩ ስታክ ሲያደርግ መጨረሻ የወጣው መስመር ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል፣ ከግራፊካሉ ወጥታችሁ ቴክስት ኮንሶል ላይ ሞክሩትና በስልክ ፎቶ አንሱት።

ቀጥሎ ፒኤም አሲንክ። ከርነሉ ጊዜ ለመቆጠብ ብዙ ዲቫይሶችን ጎን ለጎን ነው የሚያስተኛውና የሚያነሳው፣ አንዱ ሌላውን መጠበቅ ሲገባው ካልጠበቀ ውጤቱ ማን ቀደመ የሚለው ላይ ይመሰረታል፣ «አንዳንዴ»ው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። ፒኤም አሲንክ ላይ 0 ስትጽፉ ሁሉም በሰልፍ ይሄዳል። ያኔ ችግሩ በሙሉ ቁጥር ከጠፋ የቅደም ተከተል ችግር መሆኑ ማስረጃ አገኛችሁ፣ ድራይቨሩን ለሚጽፈው ሰው ይሄ አንድ መስመር ከብዙ ገጽ ሎግ ይበልጣል።

ሁሉም እምቢ ካለ ፒኤም ትሬስ አለ። ከኤክስ86፣ ማለትም ኢንቴልና ኤኤምዲ፣ ማሽኖች ውጪ አይሰራም። 1 ስትጽፉበት ከርነሉ እያንዳንዱን እርምጃ ጠቅልሎ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሰዓት ውስጥ ይጽፈዋል፣ ምክንያቱም ሲጠፋ የማይጠፋ ነገር እሱ ስለሆነ። ስታክ ሲያደርግ ፓወር በተኑን ይዛችሁ አጥፉና ወዲያው አስነሱ፣ 3 ደቂቃ ገደማ ነው ያላችሁ፣ ከዛ በኋላ ሰዓቱ ስለሚቆጥር መረጃው ይበላሻል። ዲሜሴጅ ውስጥ ማጂክ ነምበርና ሃሽ ማቸስ የሚሉትን ፈልጉ፣ የዲቫይሱ ስም ከጎኑ ይኖራል፣ አንዳንዴ ከአንድ በላይ ዲቫይስ ስለሚገጥም ሁለት ሶስት ጊዜ አድርጋችሁ የሚደጋገመውን ውሰዱ። ቀኑና ሰዓቱ ይዛባል፣ አትደንግጡ፣ ስትጨርሱ መልሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ፣ ግን በዚሁ ምክንያት ከአርቲሲዌክ ጋር አይሄድም፣ በእጅ ነው የምትቀሰቅሱት። ደሞ ፒኤም ትሬስ ሲበራ ጎን ለጎን የሚሄደው ነገር በራሱ ስለሚጠፋ፣ ከላይ አሲንኩን ስታጠፉ ችግሩ የጠፋ ከሆነ እዚህም አይመጣላችሁምና ጊዜ አታባክኑ።

ድሮ ይሰራ የነበረና ከአፕዴት በኋላ የጀመረ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ግረብ ውስጥ የድሮው ከርነል አለ፣ በሱ አስነሱና ሉፑን በሙሉ ቁጥር አስኪዱ። ንጹህ ከወጣ በተዘጋጁ የከርነል ፓኬጆች መሃሉን እያጠበባችሁ የትኛው እትም ላይ እንደጀመረ ድረሱበት፣ ሙሉውን ሶርስ በሞባይል ዳታ ማውረድ ውድ ስለሆነ ጊት ባይሴክት፣ ያበላሸውን ለውጥ በግማሽ በግማሽ የሚፈልገው ኮማንድ፣ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ እሱንም የግቢ ኮኔክሽን ላይ ሌሊት አውርዱት። በሁለት ተከታታይ እትሞች መሃል ከ10,000 በላይ ኮሚት፣ ማለትም የኮድ ለውጥ፣ አለ፣ በግማሽ በግማሽ ሲሄድ 14 ዙር ገደማ ነው፣ ኮምፓይሉን ለማሳጠር ላፕቶፑ አሁን የጫናቸውን ሞጁሎች ብቻ የሚመርጠውን ሎካልሞድኮንፊግ ተጠቀሙ። እዚህ ላይ ትዕግስት ያጣ ሰው ሁሉን ያበላሻል፦ ለባይሴክቱ ባድ (መጥፎ) ለማለት አንድ መክሸፍ ይበቃል፣ ጉድ (ደህና) ለማለት ግን ያ በ3 የተባዛው ቁጥር የግድ ነው። አንድ የተሳሳተ ጉድ ካላችሁ ቀሪው ፍለጋ ሁሉ ጥፋቱ የሌለበት ግማሽ ውስጥ ነው የሚሄደው፣ መጨረሻ ላይም ምንም የማያገናኘው ሰው ኮሚት ላይ ያደርሳችኋል።

ባዮስ አፕዴት ብዙ ጊዜ በእውነት ይፈታዋል፣ ግን መጀመሪያ ላይ አታድርጉት፣ የድሮውን ቁጥር ሳትይዙ ከቀየራችሁ ምን እንደፈታው አታውቁም። ስታደርጉትም ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ ተሰክቶ ይሁን፣ ደመና ባለበት ከሰዓት በኋላ ባዮስ አይነካም።

ጥፋተኛው ሲታወቅ እስኪስተካከል ድረስ ስራ መስራት አለባችሁ። የሲስተምዲ ሲስተም-ስሊፕ ፎልደር (መሃሉ አንደርስኮር ሳይሆን ሰረዝ ነው) ውስጥ ሲተኛ ሞጁሉን የሚያወርድ ሲነሳ የሚመልስ ትንሽ ስክሪፕት አስቀምጡ፣ ኤግዚኪዩተብል አድርጉት። ከዛ ለድራይቨሩ ኃላፊዎች ጻፉ፣ ከርነል ሶርሱ ውስጥ ያለው ጌት ሜንቴነር የሚለው ስክሪፕት የማንን አድራሻ እንደምትጠቀሙ ይነግራችኋል። የከርነሉን እትም፣ የላፕቶፑን ሞዴልና የባዮስ ቁጥር፣ ኤስቱአይድል ይሁን ዲፕ፣ የቱ ፒኤም ቴስት ደረጃ ላይ እንደሚከሽፍ፣ አሲንክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን፣ ከስንት ዙር ስንት እንደከሸፈ ጻፉ፣ እንግሊዝኛው አጭር ይሁን ግድ የለም። ከጅማ የተጻፈ ሪፖርት በነዚህ ቁጥሮች ከመጣ እንደማንኛውም ሰው ነው የሚነበበው። ፓች፣ ማለትም የማስተካከያ ኮድ፣ ሲልኩላችሁ ያንን የስሊፕ ስክሪፕት መጀመሪያ አውጡት፣ ሞጁሉ እየወረደ ከሆነ ፓቹን አልሞከራችሁትም፣ ከዛ ያንኑ ሉፕ በዛው ሁኔታ፣ ቻርጀሩን እየነቀላችሁ እየሰካችሁ፣ በሙሉ ቁጥሩ አስኪዱና ከስንት ስንት እንደሆነ መልሱላቸው።